ቧንቧው ገባ፣ ዓይናችን ወጣ

ቧንቧ ግቢያችን ገባልን ብላችሁ እልል ያላችሁ የጉንደ ወይን ሰዎች፣ እስቲ አንዴ ስሙኝ። ጆሮዬ ከደከመ ቆይቷል፤ ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ስትጠራኝ እንኳ አልሰማም። የጎረቤት ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ግን ከሦስት ግቢ ማዶ ይሰማኛል። ፈጣሪ የሽማግሌን ጆሮ ለቁም ነገር ደፍኖ ለጠብታ የከፈተበትን ምክንያት እሱ ይወቀው።

እንስራው ይመለስ አላልኩም። የእናቴ ጀርባ በምን ጎበጠና! ነገር ግን ያን ጊዜ ውሃ ሥርዓት ነበረው። ከምንጩ ዓይን የሚጠጣ ይቀዳል፤ ዝቅ ብሎ ከብት ይጠጣል፤ ከዚያም ዝቅ ብሎ ልብስ ይታጠባል። ይህን ያዛባ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። የቤቱ እመቤት ስንቱ ጣሳ ለሊጥ፣ ስንቱ ለእግር መታጠቢያ እንደሄደ ታውቃለች። አሁንስ? የሚመጣው ውሃ መሬት ውስጥ ተደብቆ ይመጣል፤ የሚሄደው እድፍም መሬት ውስጥ ተደብቆ ይሄዳል። ቧንቧው ገባ፣ ዓይናችን ወጣ። ያላየነውን የለም ብለን ተቀመጥን። ጣጣችን ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው፤ ሌላው ዝርዝር ነው።

«የውሃ አገር ሰው» ይሉናል። እውነት ነው። የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከጀርባችን ቆሟል፤ ሙጋው፣ ሱሃው፣ ስንቱ ወንዝ ከእሱ እየተነሣ ዓባይ ይገባል። ከዚህ ሁሉ ውሃ ሥር ተቀምጦ በአንድ ጀሪካን የሚጣላ ጎረቤት ግን እኛ ሰፈር ሞልቷል። አጤ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓ.ም. በስዊሱ በሙሴ ኢልግ እጅ ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ውሃ በቧንቧ ሲያስወርዱ ቧንቧ ብርቅ ነበር። ብርቅ ነገር ይታያል፣ ይጠበቃል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ተለመደ፤ የተለመደ ነገር ደግሞ እስኪሰበር ድረስ ዘመድ የለውም።

በጠብታ ልጀምር። ሰርቪስ ቤቴን የተከራየ መምህር አለ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ኪራዩን በቀኑ ይከፍላል። የግቢው ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ብነግረው «ጋሼ፣ ትንሽ እኮ ናት» አለኝ። የሒሳብ መምህር ነው! የልጅ ልጄ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የውሃ ምህንድስና ትማራለች፤ ለዕረፍት መጥታ ነበርና እዚያው ቁጭ ብላ አሰላችለት። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ከወረደ በቀን ከ15 እስከ 20 ሊትር ይሆናል። አንድ ቢጫ ጀሪካን ማለት እኮ ነው! በወር ወደ 30 ጀሪካን! ያን ሁሉ ጀሪካን በአህያ አስጭኜ ሜዳ ላይ ብደፋው ዘመድ ተሰብስቦ ጸበል ይወስደኝ ነበር። በጠብታ ስደፋው ግን ጤነኛ ነኝ።

መድኃኒቱስ? ብዙውን ጊዜ በቧንቧው አንገት ውስጥ ያለች፣ ከካፖርት ቁልፍ የማትበልጥ ጎማ ናት። እሷ ስታረጅ ሰው አይቀይራትም፤ እጀታውን በጉልበት ያጠብቃል። ባጠበቀ ቁጥር ጎማዋ ይበልጥ ትቆረጣለች፤ ቀጥሎ ውስጡ ይበላል፤ በመጨረሻ «የቻይና ዕቃ ምን ዋጋ አለው» ይባላል። ቻይና በምን ዕዳዋ? ጉልበቱ ያንተ፣ ስድቡ የእሷ!

ቆጣሪስ ማን ያያል? የወሩ ሒሳብ ሲመጣ «ዘረፉን!» ብሎ መጮህ ብቻ ነው። ውሃ ባለበት ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ በቤቱና በግቢው ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጋና ባትሪ ይዘህ ቆጣሪው ፊት ተቀመጥ። ከመስታወቱ ሥር ያለችው ትንሿ መዘውር ከዞረች ከመሬት ሥር የሚጠጣ አለ። ካልዞረች ተኛ። እኔ ይህን ሳደርግ ያዩኝ ጎረቤቶች «ሽማግሌው ከቆጣሪ ጋር ማውራት ጀመረ» ብለው አስወሩብኝ። አወራለሁ! በዚህ ሰፈር የሚጠየቀውን በትክክል የሚመልስ እሱ ብቻ ነው።

ወደ ፈረቃው እንለፍ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰው አለ። ቧንቧውን ይከፍታል፤ ፉፉ ይላል፤ «የለም» ይልና ሳይዘጋው ይሄዳል። ውሃ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም፤ የሚመጣው ሌሊት ነው። አንድ ሌሊት ከአልጋዬ ወርጄ ጫማዬን በእግሬ ብፈልግ አጣሁት፤ ለካስ ቀድሞኝ ወደ በሩ እየሄደ ኖሯል። ባለቤቴ አልጋ ላይ ተቀምጣ «ኧረ አንቱ ሰውዬ፣ ጥምቀት ገባ እንዴ?» አለችኝ። «የለም» ያልከውን ቧንቧ መዝጋት ምን ያህል ያደክማል? ክንድህ አይወልቅ!

ከዚህ የባሰው የረጅሙ የውሃ ጎማ ነገር ነው። ልብስ የሚያጥብ ሰው የውሃውን ጎማ በሳሙናው ባልዲ ውስጥ ነክሮ ይተወዋል። በዚህ መካከል ውሃው ከመስመሩ ላይ ይሄዳል። የልጅ ልጄ እንዳስረዳችኝ ዋናው መስመር ሲጎድል ወደ ኋላ ይስባል፤ በባልዲው ያለውን እድፍ በጎማው በኩል መጥጦ ወደ ቧንቧው ይወስደዋል። በማግስቱ ጎረቤትህ ያንን ይጠጣል። አንተም የሌላውን ትጠጣለህ። እንዲህ ዓይነት ማኅበር የትም አላየሁም! የጎማው አፍ ከባልዲው ውሃ በላይ ይንጠልጠል፤ አለቀ።

ጠፍቶ የሰነበተ ውሃ ሲመጣም አቀባበል አለው። «ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ» ይባል ነበር፤ ዘንድሮ የሚያስጮኸው አየር ነው። ባዶ በሰነበተው መስመር የገባ አየር እየተገፋ ሲመጣ መጋጠሚያውን ይደበድባል፤ ቆጣሪውንም ያሽከረክራል፤ ከፊቱ ጭቃ ይነዳል። ስለዚህ ከግቢው ዝቅ ያለውን አንዱን ቧንቧ ቀስ ብለህ ክፈት፣ አየሩም ጭቃውም ይውጣ፤ የመጀመሪያው ባልዲ ለጎመኑ ይሁን። ሰው ግን ጀሪካኑን አሰልፎ ይጋፋል፤ የመጀመሪያውን ድፍርስ ወደ ሮቶ ይሞላል። ሲያልቅ «ውሃው ቀለሙን ቀየረ» ይላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ የእኛዋ ደግሞ ጭቃውን ነው የለቀመችው።

አሁን ወደ ትልቁ ሐዘኔ ልምጣ። በፋሲካ ዋዜማ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ሳለ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ከመጋጠሚያው ተነቀለ። ውሃው ጣሪያ ነካ። ያን ጊዜ ያየሁትን ግርግር በዕድሜዬ አላየሁም። አንዱ በነጠላ ያንቃል፤ አንዷ ዶሮውን ይዛ ትሸሻለች፤ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። እኔ «ዋናውን ዝጉት!» እላለሁ፤ እነሱ «የቱን ዋና?» ይላሉ። ቤቱን ያሠራው ሰው አያውቅም። ሚስቱ አታውቅም። ቧንቧውን ያስገባው ልጅ አዲስ አበባ ሄዷል። በመጨረሻ መዝጊያው ከተከመረው ማገዶ ሥር ተገኘ፤ ዓመታት ሙሉ ስላልተነካ ዝጎ ደርቆ እምቢ አለ። የበዓሉ ወጥ ከነድስቱ ተንሳፈፈ።

ልጆች፣ እሳት አጠገብ ስትተኙ ማጥፊያውን ታስባላችሁ፤ ውሃ አጠገብ ስትተኙ ለምን አታስቡም? ዋናው መዝጊያ ከቆጣሪው አጠገብ ነው፤ አካባቢውን ከማገዶና ከዶሮ ቆጥ ነፃ አድርጉት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ይሁንላችሁ፣ ዝጉትና ክፈቱት፤ የሚንቀሳቀስ ብረት ቶሎ አይደርቅም። ከልጅ እስከ አዋቂ የቤቱ ሰው ሁሉ ይወቀው። ከሞጣ ማዶ ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ እንኳ በከንቱ አልተሰበረም፤ በጣሊያን ጊዜ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገር ብለው ነው የሰበሩት። የእናንተ ቧንቧ ተሰብሮ የሚከርመው ማንን ለመከልከል ነው?

ቧንቧ ሠሪውን ሳልነካው ባልፍ ይከፋዋል። ትናንት ባጃጅ ሲነዳ የነበረ ልጅ ዛሬ የቧንቧ ማጋጠሚያ ማሞቂያ ገዝቶ «የቧንቧ ባለሙያ» ሆነ። «የት ተማርክ?» ብለው «አባባ፣ ስልክ ላይ ሁሉም ነገር አለ» አለኝ። ስልክ ላይ ቅዳሴም አለ፤ አንተ ግን ቄስ አልሆንክም! ፒፒአር የሚባለው ፕላስቲክ በ260 ዲግሪ ሙቀት ነው የሚጋጠመው። ብዙ ካቆየው ውስጡ ቀልጦ ጉሮሮው ይጠባል፤ ቶሎ ካወጣው ደህና አይያያዝም፤ ቅዳሜ የተጠገነው ማክሰኞ ይፈስሳል። ስለዚህ አፈር ከመመለሱ፣ ግድግዳውም ከመለሰኑ በፊት ውሃ ይሞላበት፤ አድሮ ይታይ። ፈሰሰ አልፈሰሰ ሳይታወቅ ሒሳብ አትክፈሉ። ያ ስልካችሁም ለአንድ ጊዜ ቁም ነገር ይሥራ፤ ጉድጓዱ ከመደፈኑ በፊት ቧንቧው በየት በኩል እንደሄደ ፎቶ አንሡት። ነገ ሚስማር የሚመታው ያው ልጃችሁ ነው።

መሬታችንም ቀላል ጠላት አይደለም። ዋልካችን በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ቧንቧውን ሽቅብና ቁልቁል እየገፋ ከመጋጠሚያው ይነቅለዋል። በዚህ መሬት ላይ አንድ ስንዝር ቆፍረው ቧንቧ የሚቀብሩ ሰዎች አሉ። የሞተ ውሻ እንኳ ከዚያ ጠልቆ ይቀበራል! ግማሽ ሜትር አለፍ ብላችሁ ቆፍሩ፤ ከሥሩም ከላዩም አሸዋ ወይም ለስላሳ አፈር አልብሱት፤ ጋሪ የሚያልፍበት ከሆነ ደግሞ ጨምሩለት። ባሕር ዛፍ ከፍሳሽ መስመር አጠገብ አትትከሉ። ሥሩ እርጥበት ያሸታል፤ በመጋጠሚያው ስንጥቅ ፀጉር አክሎ ይገባና ውስጥ ገብቶ ይወፍራል። ዛፉን ለአጥር ብለህ ተክለህ ሽንት ቤትህን ታጥርበታለህ።

ሮቶውን አንርሳ። አንድ ሰው ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ገዝቶ በባሕር ዛፍ ቆጥ ላይ ሰቀለው። «ስንት ይመዝናል?» ብለው «ፕላስቲክ እኮ ነው፣ ቀላል ነው» አለኝ። ባዶውን ነዋ! 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው፤ ሁለት ቶን አናቱ ላይ ሰቅሎ ከሥሩ በግ ያስራል። በጉ አምልጧል፤ ቆጡ አላመለጠም። የሮቶ መቆሚያ ብረት ወይም ግንብ ይሁን። ክዳኑ ይገጠም፤ ክፍት ሮቶ የወፍ መታጠቢያና የትንኝ ማሳደጊያ ነው። የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ይሠራ አይሠራ ይታይ፤ ውስጡም ደለል ሳይይዝ ይታጠብ።

እስካሁን የሚመጣውን ነው ያወራሁት። የሚሄደው ይብሳል። ማኅበር ወይም ሠርግ በዋለ ማግስት ሴቶቹ ዕቃ ሲያጥቡ ተመልከቱ። አተላው ወደ ሲንክ፣ የቡና አተላው ወደ ሲንክ፣ የዶሮ ወጡ ቅባት ወደ ሲንክ። «ሙቅ ውሃ ጨምሬበታለሁ» ትላለች ምራቴ። ቅቤ ሲሞቅ ውሃ ነው፤ የጉንደ ወይን ብርድ ቧንቧው ውስጥ ሲያገኘው ደግሞ ድንጋይ ነው። በድሮው ቤት አተላ የላም ነበር፣ ፍርፋሪ የዶሮ ነበር፣ አጥንት የውሻ ነበር። ሁሉም ድርሻውን ያውቃል። አሁን ሲንክ ብቻውን የሁሉንም እንዲበላ ተፈርዶበታል፤ ሲያቅረው ደግሞ በብረት ይወጉታል። ድስቱን በሶፍት ጥረጉና ቅባቱን ከቆሻሻ ጋር ጣሉ፤ ማጥለያ ወንፊት አድርጉ፤ አተላውንም ለላሚቱ መልሱላት።

ሽንት ቤት ደግሞ ለብዙ ሰው የቆሻሻ ገንዳ መስሎታል። ዳይፐር፣ ጨርቅ፣ ፌስታል፣ ስሙን ሽማግሌ የማይጠራው የሴቶች ነገር፣ ሁሉም እዚያ ይጣላል። ይኼ ሁሉ ውሃ ሲነካው ያብጣል እንጂ አይሟሟም። ከመቀመጫው አጠገብ ክዳን ያለው ባልዲ ማስቀመጥ ይህን ያህል ዕውቀት ይጠይቃል? የፍሳሹ ቱቦም ቁልቁለቱ ልክ ይኑረው፤ በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ካላለ ውሃው አልፎ ሌላው ይቀራል። መታጠፊያው ሁሉ ማንሆል ይኑረው፤ ሲደፈን የሚከፈትበት በር ነው።

የእንግዳ ሽንት ቤት የሚባለውን ጉድ ደግሞ ስሙልኝ። ልጄ ሴራሚክ አንጥፎ «ለእንግዳ ብቻ» ብሎ ቆለፈው። ወር ሳይሞላ ሽታው ሳሎን ገባ። «ማንም ሳይገባበት እንዴት ሸተተ?» ይላል። የሸተተው ማንም ስላልገባበት ነው! ሲፎን የምትባለው ጎባጣ ቧንቧ በጉንጯ ውሃ ቋጥራ ከታች የሚመጣውን ሽታ የምትመልስ ዘበኛ ናት። ውሃዋ ከደረቀ በሩ ተከፈተ። በየሳምንቱ አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃት ነበር። ይኸው ልጅ ከጣሪያ በላይ የወጣውን መተንፈሻ ቱቦ «ያስጠላል» ብሎ ቆርጦ ደፈነው። ከዚያ ወዲህ ሽንት ቤቱ በተለቀቀ ቁጥር የእጅ መታጠቢያው ይጓጉራል። ቱቦው ካልተነፈሰ የሲፎኖቹን ውሃ ይመጥጣል፤ ሽታውም ቤተሰብ ይሆናል።

ሴፕቲክ ታንኩም የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። አንዱ በላዩ ሲሚንቶ አፍስሶ መኪና ማቆሚያ አደረገው። በታንኩ ውስጥ ደለሉ ከታች ይተኛል፤ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ መሐል ያለው ውሃ ብቻ ያልፋል። ደለሉ ሲበዛ ሁሉም ይደባለቅና ወደ ማስረጊያው ይሄዳል፤ ማስረጊያው ከተደፈነ ሌላ ጉድጓድ ነው ዕዳችሁ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ አንዴ መመጠጥ አለበት። መጣጩ መኪና ከሩቅ ተለምኖ ሲመጣ ክዳኑን ፍለጋ ግቢውን በዶማ ስታርሱ መዋል ነውር ነው። የጣሪያውንም አሸንዳ ወደዚህ ጉድጓድ አታገናኙት፤ የሐምሌን ዝናብ የሚችል ታንክ አልተሠራም።

እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁም። ጉድጓድ ውስጥ ሰው አታስገቡ። እዚያ የሚጠራቀመው ጋዝ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን ማሽተቻን ያደነዝዛል፤ ሰውየው «ሽታው ጠፋ» ሲል ነው የሚወድቀው። ሊያወጣው የገባው ወንድሙም ይከተለዋል። ለሥራ ፈላጊ ልጅ ጥቂት ብር ሰጥታችሁ በገመድ አታውርዱ። ክፍት ጉድጓድ አጠገብም ክብሪት አትጫሩ።

የውሃ ጉድጓድና ሽንት ቤት ደግሞ ጎረቤት አይሆኑም፤ ቢያንስ 30 ሜትር ይራራቁ፣ ሽንት ቤቱም ከውሃው ወደ ታች በኩል ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ብሮድ ስትሪት በሚባል ጎዳና ኮሌራ ሰው ሲፈጅ፣ ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ነገሩ ከአንድ የውሃ ፓምፕ እንደመጣ ደረሰበት፤ እጀታውም ተነቀለ። በኋላ ሲቆፈር ከጉድጓዱ አጠገብ የሚያፈስ የሽንት ቤት ጉድጓድ ተገኘ። የታመመ ሕፃን ጨርቅ የታጠበበት ውሃ እዚያ ተደፍቶ ነበር። ለንደን ሩቅ ነው አትበሉ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቋራ፣ በርሚል ጊዮርጊስ ጸበል ለመዳን የሄደው ሕዝብ መሐል ኮሌራ ገብቶ አይተናል። ቧንቧችሁ ተሰብሮ ከተጠገነም በኋላ የሚጠጣውን ውሃ አፍሉት፣ ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ጨምሩበት።

«ሽማግሌው አበዛው» ትሉ ይሆናል። አበዛሁ። ግን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት አባቶቻችን ቧንቧ ሳይኖራቸው ነው፤ እኛ እርጥቡም ደጃችን ላይ እየፈሰሰ አልነቃንም። ቧንቧ የሚጠግን ሰው በብር ይገኛል፤ የቤታችሁን ቧንቧ የሚያይላችሁ ዓይን ግን ገበያ ላይ አይሸጥም። በየቤቱ አንድ ሰው ይመደብ፤ ቆጣሪው የእሱ፣ መዝጊያው የእሱ፣ የታንኩ ክዳን የእሱ ይሁን። ሌላውን ቀስ ብላችሁ ትደርሱበታላችሁ። ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ ግን ዛሬ ሳይመሽ ፈልጉት፤ ዞሮ የሚዘጋ መሆኑንም በእጃችሁ ሞክሩት።